ሊፍትና ሒሳቡ

ምደባ ሊወጣ ቀርቧል። በየመኝታ ክፍሉ፣ በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሳይቀር የሚሰማው «የት ይደርሰኝ ይሆን?» የሚል ነው። አንዱ ከተማ ይሁንልኝ ይላል፤ ሌላዋ ከእናቴ ብዙ አልራቅ ትላለች። ስለ ትምህርት አቀራረብ፣ ስለ ክፍል አያያዝ፣ ስለ ፈተና አወጣጥ እዚህ ግቢ ውስጥ ያልተነገራችሁ የለም። ከተመደባችሁበት ትምህርት ቤት እንዴት እንደምትደርሱ ግን ማንም አላስተማራችሁም። አውቶቡስ ከመጨረሻው ፌርማታ ላይ አራግፏችሁ ሲመለስ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የሊፍት መንገድ ነው። እኔም በዚህ ግድግዳ ላይ ጥቂት ልናገር የተነሣሁት ስለዚሁ ስለ ሊፍት ነው።

ቃሉ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ነገሩ የኛው ነው። መኪና ሳይታወቅ፣ ሲራራ ነጋዴ በበቅሎና በአህያ ጭኖ እስከ ምጽዋ በሚመላለስበት ዘመን ብቻውን መንገድ የሚወጣ ሰው እምብዛም አልነበረም። ሽፍታው አለ፣ አውሬው አለ፣ የወንዝ ሙላቱ አለ። ስለዚህ ተሳላሚውም፣ ዘመድ ጠያቂውም፣ ትምህርት ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር የሚሄደው የቆሎ ተማሪም ነጋዴ ሲያልፍ ጠብቆ ይጠጋ ነበር። ሲጠጋ ታዲያ እንዲሁ አይደለም። አጋሰስ ይነዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ሌሊት እሳት አንድዶ ዘብ ይቆማል። ማንም «ክፈል» አይለውም፤ እሱም ሳይከፍል አያድርም። ሒሳቡ ሳይነገር የታወቀ ነበር።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ በቆየበት ጊዜ ለጦሩ ሲል ተራራ እየሰነጠቀ መንገድ አወጣ። ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻና የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የዚያ ጊዜ ሥራ ናቸው። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱና የጭነት መኪናው ቀሩ። ቋንቋውም አብሮ ቀረ። ጋቢና፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ባሌስትራ፣ ታርጋ የምንለው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በኋላ የገባው ታዋቂው ኤንትሬ እንኳ ስሙ በጣሊያንኛ «ኤን ሦስት» ማለት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ መንገዱ እየተጠገነና እየተጨመረ ሄደ። ይሁን እንጂ መንገደኛው ከአውቶቡሱ ይበልጥ ነበርና የጭነት መኪና እህልና ሰው አንድ ላይ መጫን ለመደ። የሲራራው ደንብም ከአጋሰሱ ወርዶ ጭነቱ ላይ ወጣ ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የመምህርን ያህል እጁን ያነሣ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኛውም የወረደው ለማስተማር ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ገቡ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። አውቶቡስ ከሚቆምበት ወዲያ ያለውን መንገድ ያ ሁሉ ሰው በጭነት መኪና፣ በበቅሎና በእግሩ ነው የዘለቀው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፦ መምህርና ሾፌር በታሪክም ይገናኛሉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርቱን ማሻሻያ ዕቅድ በመቃወም፣ ታክሲ ነጂዎች ደግሞ የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ሥራ አቁመዋል። የዚያን ዓመት አብዮት የሚተርክ ሰው ይህችን ዕለት ዘሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ወደ ሊፍታችን እንመለስ። ፈረንጅ ሊፍት ሲጠይቅ አውራ ጣቱን ያቆማል። እኛ ዘንድ መዳፍ ወደ መሬት ዝቅ ከፍ ይደረጋል፤ አረጋዊ ከሆኑ ዘንጋቸውን፣ ቄስ ከሆኑ ጭራቸውን ያነሣሉ። ከእጁ ይልቅ ግን ልብ ልንለው የሚገባን ቃሉን ነው። መኪናው ሲቆም «ስንት ነው?» የሚል ጥቂት ነው። የሚባለው «ወንድሜ፣ ተባበረኝ» ነው። ይህ «ትብብር» የሚሉት ቃል ደግሞ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ሾፌር ትብብር ሲል ከልቡ ነው፤ ስትወርድ «በሰላም ግባ» ብሎህ ይሄዳል። ሌላው መሐል መንገድ ላይ፣ ወደ ኋላ መመለስ በማትችልበት ቦታ፣ በረዳቱ አፍ «ሒሳብ!» ይላል። የሚጠራው ብር ከአውቶቡስ ሁለት እጥፍ ቢሆን ወርደህ የት ትሄዳለህ? መጥፎነቱ ዋጋ መጠየቁ አይደለም፤ ነዳጅ በነፃ አይቀዳም። መጥፎነቱ ዋጋው ተደብቆ መቆየቱ ነው።

ይህን ጉዳይ በሌላ መንገድ የፈቱ አገሮች አሉ። ፖላንድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሊፍት ጠያቂዎች ኩፖን ያለው ደብተር ታድል ጀመር። መንገደኛው እንደ ኪሎ ሜትሩ ልክ ኩፖን ቀድዶ ለሾፌሩ ይሰጣል፤ ብዙ ኩፖን የሰበሰበ ሾፌር ደግሞ ሽልማት ያገኛል። ኩባም የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ነዳጅ ሲያጥራት፣ ቢጫ ልብስ የለበሱ ተቆጣጣሪዎችን መንገድ ዳር አቁማ ክፍት ወንበር ያለው የመንግሥት መኪና ሁሉ ቆሞ ተራ የያዘውን ሕዝብ እንዲያሳፍር አደረገች። እኛ አገር ኮድ 4 መኪና አንድ ሰው ብቻ ይዞ፣ አቧራውን አልብሶን ሲያልፍ ይህን የኩባ ነገር ሳስበው ይቆጨኝ ነበር። ለማንኛውም ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፦ የሊፍትን ሒሳብ ከጨለማ አውጥተው ብርሃን ላይ አስቀመጡት።

መቼም ጋቢና ውስጥ የገባ ሰው ጋቢና ራሷን የቻለች አገር መሆኗን ያውቃል። ማን እንደሚገባባት ሕግ አላት። ሕፃን ያቀፈች እናት፣ አዛውንት፣ ቄስ ወይም ሼህ፣ ከዚያ መምህር። ጎረምሳ ጭነቱ ላይ ይወጣል። መስተዋቱ ላይ እንደ ሾፌሩ እምነት የእመቤታችን ሥዕል ወይም የቁርኣን ጥቅስ አለ፤ ቴፑ ላይ የሚዘፈነው ሾፌሩ የወደደው ነው፤ ይቀየር አይባልም። የጋቢና ተሳፋሪ ዋና ሥራው ግን ጨዋታ ነው። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሾፌር ጎን ተቀምጦ ማንቀላፋት ነውር ነው፤ ነውር ብቻም አይደለም፣ እንቅልፍ ይጋባል። እኔ በበኩሌ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ግርዶሽ፣ ስለ ዓድዋ ጦርነት፣ ስለ ወባ ትንኝ የማውቀውን ሁሉ ጋቢና ውስጥ አስተምሬአለሁ። ከክፍል ይልቅ እዚያ በደንብ ተደምጫለሁ ብል ውሸት አይሆንብኝም። አንዱ ሾፌር ደግሞ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበውን ማመልከቻ ጉልበቴ ላይ እንድጽፍለት አድርጎኛል። ይህ የሲራራው ሒሳብ ነው፤ ጉልበት በጉልበት፣ ጨዋታ በወንበር። በእንዲህ ያለው ሊፍት ቅር የሚለኝ ነገር የለም።

ከጋቢናው ውጭ ያለውን ነገር ግን ማሳመር አልፈልግም። የጭነት መኪና ጭነት ላይ ሰው ማሳፈር በትራፊክ ደንብ ክልክል ነው፤ ክልክል የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጆንያ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚይዘው ነገር ገመድ ብቻ ነው። የግራር ቅርንጫፍ ፊት ይመታል፤ ደጋ ላይ ብርዱ እጅን አደንዝዞ ገመዱን ያስለቅቃል። ከጎሐ ጽዮን አባይን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ እዚያ ላይ ፍሬን የከዳው መኪና ሊፍት ጠያቂውንና ከፋዩን አይለይም። ከአይሱዙ ጭነት ላይ እንዳትወጡ፤ ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ያወጣለት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ጫት የጫነ መኪና ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ጫቱ ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ አለበትና ሾፌሩ ከሰዓቱ ጋር ነው የሚሽቀዳደመው።

የኬላውን ነገር የማታውቁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ኬላ ሲቃረብ ረዳቱ ጭነቱን ደብደብ ያደርግና «ውረዱ፤ በእግር እለፉ፤ ከወዲያ እንጠብቃችኋለን» ይላል። ሚኒባስ ከሆነ «ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!» ነው። ሰው ወርዶ በእርሻው አቆራርጦ ከኬላው ማዶ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። አንዳንዴ ግን አይጠብቅም፤ የሚሄደውም ሻንጣችሁን ይዞ ነው። የትምህርት ማስረጃችሁንና የምደባ ደብዳቤያችሁን በሻንጣ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ደረታችሁ ላይ ያዙት። ረዳቱ «ይህችን ዕቃ ያንተ ናት በልልኝ» ካላችሁም እሺ እንዳትሉ። ኬላ ላይ ዕቃው ኮንትሮባንድ ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ።

ለእኅቶቻችን የሚመጣው ከዚህ የተለየ ነው። ወንድ ሠልጣኝ ጭነት ላይ ሆኖ የሚፈራው መውደቅን ነው፤ ሴት ሠልጣኝ ጋቢና ውስጥ ሆና የምትፈራው ሌላ ነው። «አንቺ ግቢ፣ አንተ ወደ ላይ ውጣ» የሚለው ሾፌር ደግ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። መሸት ሲል ጎማ ተነፈሰ፣ ነዳጅ አለቀ፣ እዚህች ከተማ እንደር የሚባል ነገር አለ። አብራኝ ያስተማረች አንዲት መምህርት ዘዴ ነበራት። ሊፍት የምትጠይቀው ጠዋት ብቻ ነው፤ ገበያተኛ እናቶች ካሉበት መኪና በቀር አትገባም፤ ከመግባቷም በፊት ለሻይ ቤቷ ባለቤት ጮክ ብላ «እትዬ፣ በዚህ መኪና ሄጃለሁ፤ ታርጋውን ያዙልኝ» ትል ነበር። ሾፌሩ እንዲሰማ ነው ጩኸቱ። አንዳንዶቹ ሾፌሮች ሰምተው ትተዋት ይሄዱ ነበር። «የሄደው ሁሉ መሄድ የነበረበት ነው» ትል ነበር እሷ።

እስካሁን የተናገርኩት አደጋ ሁሉ በዓይን የሚታይ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የማይታየው ነው።

በ1996 ዓ.ም. አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ከወረዳው ከተማ በእግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ያነድዳል። ሦስት መምህራን ነበርን። ደመወዝ የሚከፈለው፣ ጠመኔና መጽሐፍ የሚመጣው ከከተማው ነው። ለአዲስ መምህር የመጀመሪያ ደመወዝ ቶሎ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁም ታውቁታላችሁ። የእኔ እስከ ጥር ድረስ አልወጣም። በቀበሌው አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጤፍና ማሽላ ጭኖ ከተማ የሚደርስ አይሱዙ አላቸው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሾፌራቸውን «መምህሩ ጋቢና ይግባ» አሉት። ብር ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። «ከመምህር ገንዘብ ተቀብዬ በየት አገር ልኖር ነው?» አሉ። የትምህርት ቤቱም ጠመኔ በእሳቸው መኪና በነፃ ይመጣ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህን የምለው ለይምሰል አይደለም።

ልጃቸው 7ኛ ክፍል ነበር፤ ሒሳብ የማስተምረው እኔ ነኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜና ሰኞ ከመኪናው ጋር ስለሚውል ትምህርቱ አልገባውም። ሰኔ ላይ አማካይ ውጤቱ 41 ሆነ። ማለፊያው 50 ነው። ሮስተር ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነጋዴው ራሳቸው ጋቢና ውስጥ በእኔና በሾፌሩ መሐል ተቀመጡ። ስለ ውጤት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ እናቴ ጤንነት ጠየቁኝ። ልንደርስ ስንል፣ «ልጁን ለእርስዎ ሰጥቼዎታለሁ፤ እንደ ታናሽ ወንድምዎ ይዩት» አሉ። ከዚያን ቀን በፊት አንተ ነበር የሚሉኝ። በዚያች «እርስዎ» ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተሳፈርኩበት ሒሳብ ተደምሮ ቀረበልኝ።

«ክረምቱን ይምጣና በነፃ ላስጠናው፤ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ጥርጥር ያልፋል» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረዳቱ «ጋቢና ሞልቷል፤ ወደ ላይ» አለኝ። ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ መኪናው አልቆመም። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ ሦስታችንም ላይ መቆሙን ተወ። እኔን ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ፤ ነገር ግን ባልደረቦቼ በእኔ ምክንያት በእግራቸው ቀሩ። ከሁለቱ አንዱ፣ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፣ «ዘጠኝ ነጥብ ምንህ ነበር? ከአባትህ ርስት ላይ ነው የምትቆርሰው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጠመኔው ወረዳ ጽሕፈት ቤት መጋዘን ውስጥ ሁለት ሳምንት ተኝቶ፣ እኛ በከሰል ስንጽፍ ሰነበትን። ያ ሁሉ ልጅ ስለ አንድ ልጅ 41 ዋጋ ከፈለ። አሁንም ቢሆን ያችን 41 ወደ 50 አላደርጋትም፤ ያ ባልደረባዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው።

ልጁ 7ኛ ክፍልን ደገመ። ክረምቱን ለማጥናት አልመጣም፤ አባቱ ስላልፈቀዱ ይመስለኛል። በክፍል ውስጥ ቂም አልያዘብኝም፤ እጁን እያወጣ ይጠይቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዳር ዳሩን ስሄድ አይሱዙው ከኋላዬ ይመጣል። ልጁ ጋቢና ውስጥ ከመስኮቱ በኩል ነው የሚቀመጠው። አባቱ ወደ ፊት ሲያዩ እሱ መዳፉን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ከፍ ያደርግልኛል፤ እኔም ከፍ አደርግለታለሁ፤ ከዚያ አቧራው ይሸፍነኛል።

ኅዳር ላይ ሦስታችን ተመካከርንና ከማዶው ቀበሌ ለሚመጣ ሌላ አይሱዙ ሾፌር ሰው በሰው 5 ብር፣ ለጠመኔው ካርቶን 2 ብር እንክፈልህ አልነው። እርጉዟ ትገባለች፣ እኛ ወንዶቹ ተራ በተራ ጋቢናና ጭነት ላይ። ጭነት ላይ መውጣቱ ያው አደጋ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ መኪና አልነበረምና ወጣን። ሾፌሩ ብሩን ዓይቶ ተገረመ። «መምህር ደግሞ ይከፍላል እንዴ?» አለ።

«ይከፍላል» አለው ያ ባልደረባዬ፣ እኔ ከመናገሬ በፊት። «ቆጥረህ ተቀበል።»

ቆጥሮ ተቀበለ፤ የእርጉዟን ሻንጣ ራሱ አንሥቶ ጋቢና አስገባው።